ጊታሩ ነው ወይስ ግድግዳው? ኖይዝ ለማጥፋት ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ደሴ ቤቴ ቁጭ ብዬ ትዝታ እየተለማመድኩ ነበር። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሰፈሩን ውጦታል። አምፔ (የጊታሬ ድምፅ ማጉያ) በባትሪ የምትሠራ፣ ከጫማ ካርቶን የማትበልጥ ናት። ጊታሬ ሲንግል ኮይል ፒክአፕ ያለው ነው፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል አንድ ጥቅል ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ከሙዚቃው ሥር እንደ ሁልጊዜው "እምምም" የሚል ነገር አለ። ድንገት መብራት ጠፋ። አምፔ በባትሪ ስለሆነች አልጠፋችም። እምምታው ግን በዚያችው ሰከንድ ጭጭ አለ።

ጨለማው ውስጥ ጊታሬን እንዳቀፍኩ ቀረሁ። ለካ ስድስት ወር ሙሉ ስወቅሰው የከረምኩት ጊታር ንጹሕ ነው! ገመድ ቀይሬያለሁ። ፒክአፕ ለማስቀየር ዋጋ ጠይቄያለሁ። ከአዲስ አበባ ኖይዝ ጌት ፔዳል (ኖይዝ የሚዘጋ፣ በእግር የሚረገጥ ዕቃ) እንዲያመጣልኝ ለአንድ ጓደኛዬ ብር ልልክ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ጥፋቱ ግን የቤቱ ነበር።

ኢንተርኔት ላይ ያለው ምክር አብዛኛው የሚጀምረው ከሚገዛ ዕቃ ነው። መካሪው ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ኧርዝ (መሬት ድረስ የሚወርድ ሦስተኛ ሽቦ) እንዳለው አምኖ ነው የሚያወራው። እኛ ጋ እንዲህ ብሎ ማመን አይቻልም። ስለዚህ እኔ ከግድግዳው እጀምራለሁ። የሚገዛው ነገር በኋላ ይመጣል።

የቱ ኖይዝ ነው ያለባችሁ?

ሙዚቀኛ ሁሉንም "ኖይዝ" ብሎ ያልፈዋል። መድኃኒቱ ግን እንደ ድምፁ ይለያያል።

"እምምም" የሚለው ወፍራሙና የማይለዋወጠው ድምፅ የመብራቱ ድምፅ ነው። ኤሌክትሪካችን በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። 50 ኸርዝ የሚባለው ይሄ ነው። አምፑ ውስጥ ያለው የፓወር ክፍል ሲታመም ደግሞ እጥፉ፣ 100 ኸርዝ ይሰማል። 100 ኸርዝ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ወፍራሟን ክር 3ኛው ፍሬት ላይ ይዛችሁ ምቱ። ጂ ናት፣ 98 ኸርዝ። ኖይዙ ከእሷ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ጂ ሻርፕ ጋ ግን አይደርስም። በሁለቱ መሀል ነው የሚያላዝነው። አምባሰል ተጫወቱ ባቲ፣ ከማንም ቅኝት ጋር አይስማማም።

"ጥዝዝ" የሚለው ቀጭን ነው፣ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ይመስላል። ከፍሎረሰንት መብራት፣ ከዲመር፣ ከርካሽ የኤልኢዲ አምፖልና ከርካሽ ቻርጀር ይመጣል። ኮምቦልቻ ውስጥ ብየዳ ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው ደግሞ ሌላ ዓይነቱን ያውቀዋል። በየመሀሉ "ዝርርር" ብሎ ይመጣና ይጠፋል። ባለ ብየዳው ምሳ ሲወጣ ያርፋል።

"ሽሽሽ" የሚለው ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር አይገናኝም። ጌይን (የማጉላቱን መጠን) ስታበዙ የሚመጣ የአምፑ የራሱ ትንፋሽ ነው። ገመድ ሲነካ "ክርር፣ ቋ" የሚለው የጃክ (ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ) ወይም የገመድ ስብራት ነው። ደሴ እርጥበት አይጠፋም። ጃኩ ውስጥ ያለው ብረት ሲዝግ ይሄ ድምፅ ይመጣል። "ጥት፣ ጥት፣ ጥርርርት" ካለ ደግሞ ስልካችሁን ከኪሳችሁ አውጡና ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። በቃ።

ነፃው ምርመራ

ምንም ሳትገዙ በአምስት ደቂቃ የምታደርጉት ነገር አለ።

ከአምፑ ላይ የጊታሩን ገመድ ንቀሉና ድምፁን ክፈቱ። ባዶውን አምፕ አሁንም ወፍራም እምምታ ካሰማ ችግሩ አምፑ ወይም መስመሩ ነው። ጊታራችሁን ተዉት። ጸጥ ካለ ጊታሩን ሰኩና የጊታሩን ቮልዩም ዜሮ አድርጉ። ዜሮ ላይ ሆኖም ካለ ገመዱን ጠርጥሩ። ዜሮ ላይ ጠፍቶ ስትከፍቱት ከመጣ ምንጩ ጊታሩ ጋ ነው፣ ወይም ጊታሩ ከአየር ላይ እየለቀመው ነው።

አሁን ቮልዩሙን ከፍታችሁ ጊታሩን እንዳቀፋችሁ በቀስታ ዙሩ። ወደ መስኮቱ፣ ወደ በሩ፣ ወደ ጥጉ። በሆነ አቅጣጫ እምምታው ጋብ ካለ ፒክአፑ የማግኔት መስክ እየያዘ ነው። ድሮ የሬዲዮ አንቴና እየዞረ ጣቢያ ይፈለግ እንደነበረው ማለት ነው። ከዚያ እጃችሁን ክሮቹ ላይ አሳርፉ፣ ከዚያ አንሱ። ስትነኩ የሚቀንስ ከሆነ ክሮቹ በትክክል ከግራውንድ (ከአምፑ ብረት ጋር ከሚገናኘው የጋራ ሽቦ) ጋር ተገናኝተዋል ማለት ነው። ስትነኩ የሚብስ ከሆነ ወይም ምንም ለውጥ ከሌለ የጊታሩን የውስጥ ሽቦ ማሳየት ያስፈልጋል። ስትነኩ ከነዘራችሁ ግን ሁሉንም አጥፉ። እሱ የኖይዝ ጉዳይ አይደለም።

አምፑ በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ እንደኔ መብራት እስኪጠፋ ጠብቁ። ብዙ አያስጠብቃችሁም።

እኔ ያን ማታ መብራቱ ሲመጣ ቤቱን መፈተሽ ጀመርኩ። እምምታው ከወንበሬ በስተግራ ነው የሚበረታው። እዚያ ጥግ ምን አለ? ስታቢላይዘር። ከጠረጴዛው ሥር፣ ከጊታሬ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። ስታቢላይዘር ውስጡ ትልቅ ትራንስፎርመር ነው። ትራንስፎርመር ደግሞ ዙሪያውን 50 ኸርዝ ይረጫል። "ለመብራቱ ጥራት" ብዬ የገዛሁት ዕቃ ነው ኖይዙን ሲያጠጣኝ የከረመው። የሚገርመው፣ ጎረቤት ምጣድ ስትሰካ ቮልቴጁ ይወርድና ስታቢላይዘሩ "ጧ፣ ጧ" ይላል። እምምታውም አብሮ ይቀያየራል። ይሄን ሁሉ ጊዜ ሰምቼ አላስተዋልኩም። አንስቼ ክፍሉ ማዶ፣ ከበሩ አጠገብ ወሰድኩት። ከሦስት አንድ እጅ እንኳ አልቀረም። ወጪ፦ ዜሮ።

ብዙ ሰው ስታቢላይዘር ኖይዝ ያጠፋል ይላል። አያጠፋም። ሥራው ቮልቴጅ ማስተካከል ነው። ለፍሪጅ ግዙት፣ ለኖይዝ ብላችሁ ግን አትግዙት።

ኧርዝ፦ ከሁሉም በፊት፣ ከፔዳልም በፊት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ነገሩ የሕይወት ነው።

አምፕሊፋየር ኧርዝ፣ ማለትም ሦስተኛ መስመር የሚያስፈልገው ለሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ ኖይዙ ወደ መሬት የሚሄድበት መንገድ ነው። ሌላው፣ ውስጥ የሆነ ሽቦ ተላቆ የአምፑን ብረት ቢነካ ኤሌክትሪኩ በእናንተ ሳይሆን በእሱ በኩል እንዲወርድ ነው። የጊታር ክሮች ከአምፑ ብረት ጋር በገመዱ ተገናኝተዋል። ስለዚህ የአምፑ ብረት ላይ ያለው ሁሉ ጣታችሁ ላይ አለ። በዚያ ላይ ከንፈራችሁን ማይክ ላይ ስታደርጉ ኤሌክትሪኩ በእናንተ በኩል የሚያልፍበት መንገድ ይገጥማል። በ1972 እ.ኤ.አ. ሌስ ሃርቪ የተባለ የስኮትላንድ ጊታሪስት በዌልስ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ እንዳለ ማይክ ነክቶ የሞተው በዚህ ዓይነት ጉድለት ነው። የ27 ዓመት ወጣት ነበር።

ሶኬታችሁ ባለ ሦስት ቢሆንም ኋላው ባዶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ቤት መልኩ አለ፣ ሽቦው የለም። ዲቫይደሩም እንደዚያው ነው። ላዩ ባለ ሦስት፣ ጫፉ ላይ ያለው መሰኪያ ባለ ሁለት። በቴስተር ብቻ ይሄን ማወቅ አይቻልም። ቴስተር ፌዙ (ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ) የት እንዳለ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። መልቲሜትር የያዘ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

ታዲያ ኧርዝ ከሌለ ምን አማራጭ አለ? ሰዎች ሲያደርጉ ያየኋቸውን ልደርድር።

አንዱ ከሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን (መመለሻውን ሽቦ) ከኧርዙ ጋር ማገናኘት ነው። "ያው ነው" ይሏችኋል። ያው አይደለም። ኒውትራሉ ከውጭ የተበጠሰ ቀን አምፑ በሙሉ፣ ጊታራችሁም ጭምር፣ 220 ቮልት ይሆናል። ይሄን አትሞክሩት፣ የሞከረውንም አትስሙት። ሌላው ከውኃ ቧንቧ ጋር ማሰር ነው። ቧንቧው መሀል ላይ ፕላስቲክ ከሆነ የትም አይደርስም። ብረት ቢሆን ደግሞ ጎረቤት እጁን የሚታጠብበትን ቧንቧ ነው የምትነኩት።

ትክክለኛው በኤሌክትሪሺያን የተተከለ የኧርዝ ዘንግ ነው። በመዳብ የተለበጠ ረጅም ዘንግ መሬት ውስጥ ይገባል፣ ከእሱ ሽቦ ወደ ቆጣሪው ሳጥን ይሄዳል። እግረ መንገዱን ቅንጣት ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጠውን ብሬከር አብራችሁ አስገቡ። በደረቅ አፈር ዘንጉ በደንብ አይሠራም። ኮምቦልቻ በጋ ላይ አፈሩ ሲደርቅ ያኔ ነው መለካት ያለበት። ክረምት ላይ ለክቶ "አሪፍ ነው" ያላችሁን ሰው ግንቦት ላይ መልሳችሁ ጥሩት።

ተከራይ ከሆናችሁና አከራዩ ግድግዳ አታስነኩ ካለስ? ያኔ የኔ ምርጫ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ አምፕ ወይም የጆሮ ማዳመጫ አምፕ ናት። ከግድግዳው ጋር ስላልተያያዘች በመስመሩ የሚመጣ ኖይዝም ንዝረትም አያገኛችሁም። ድምፅዋ ለሠርግ አይበቃም፣ ለልምምድ ግን ከበቂ በላይ ነው። መብራት ሲጠፋም አትቆሙም።

ኖይዝ ጌት ወይስ ምንጩን ማድረቅ?

ወደሚገዛው ነገር ደረስን። በመጀመሪያ ሰው አፍ ላይ የሚመጣው ኖይዝ ጌት ነው። እንደ በር ጠባቂ አስቡት። ድምፅ ከሆነ መጠን በታች ሲወርድ በሩን ይዘጋል። ስትጫወቱ ይከፍታል። ልብ በሉ፣ ስትጫወቱ ኖይዙ አብሮ ይገባል። ጌቱ የሚያጠፋው በመሀል ያለውን ዝምታ ብቻ ነው።

ጌይን አብዝቶ ሮክ ለሚጫወት ሰው ይሄ ግሩም ነው። ሠርግ ላይ ጭክጭካ ለሚመታም ምንም አይለው። እንደ ቦስ ኤንኤስ 2 ያሉት ጌቶች ደግሞ መላኪያና መመለሻ አላቸው። ኦቨርድራይቩን (ድምፁን የሚያሻክረውን ፔዳል) በዚያ በኩል ስታስገቡት ጌቱ የሚያዳምጠው ንጹሑን የጊታር ድምፅ ነው። ስለዚህ ሲዘጋም ሲከፍትም በልክ ነው። ጌት ከገዛችሁ እንደዚህ ሰኩት። ዝም ብሎ መጨረሻ ላይ መደርደር ግማሹን ጥቅም ማባከን ነው።

ለትዝታ ግን አልመክርም። ትዝታ ሕይወቱ ያለው በጭራው ነው። አንዷን ኖታ ትመታና እንድትሞት ትተዋታለህ፣ ቀስ ብላ ትቀጥናለች፣ ከዚያ ሌላዋን ታመጣለህ። ጌት ጭራዋን ይቆርጣታል። እያለቀሰ የነበረ ሰው አፉን በእጅ እንደመያዝ ነው። በዚያ ላይ ጭራዋ ልትጠፋ ስትል ጌቱ ያመነታል፣ "ጥ፣ ጥ፣ ጥ" እያለ ይከፍታል ይዘጋል። አንድ ጊዜ በውሰት ጌት ሞክሬ ነው ይሄን የምለው። መልሼ የሰጠሁት በማግሥቱ ነው።

እና ፍርዴ ይሄ ነው፦ ዝግ ያለ፣ ክፍተት የበዛበት ሙዚቃ የምትጫወቱ ከሆነ ገንዘባችሁን ምንጩ ላይ አውሉት። ጌት መጨረሻ ይምጣ፣ ወይም ይቅር።

መሸፈን፣ ሀምበከር ወይስ ኖይዝ አልባ ሲንግል ኮይል?

ምርመራው ጊታሩን ከጠቆመ ሦስት መንገድ አለ። ከሦስቱ በፊት ግን ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ ሬዲዮ ሠሪ ጋ የሄድኩበትን ላውጋችሁ። የጓደኛዬን ጊታር ይዤ ነው። ክሩን ብትነኩ ባትነኩ ያው ነው፣ ጥዝዝ ይላል። ፒክአፑ ሞቷል ብለን ደምድመናል። ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አደረጉ። አንዲት ቁራጭ ሽቦ ከመሳቢያ አወጡ። አንዱን ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉበት ብሪጅ ላይ፣ ሌላውን የጃኩ ብረት ላይ አስነኩት። ጥዝዝታው ወዲያው ወረደ። "አብሽር ልጄ፣ ይቺ ናት የተቆረጠችው" አሉኝ። "ጋሼ፣ ፒክአፕ አይገዛም?" ስላቸው ሳቁ። ከብሪጁ ሥር የተበጠሰችውን ሽቦ በሶልደር ያዟት፣ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። የከፈልኩት የሁለት ማኪያቶ ዋጋ ነው። ደሴም ኮምቦልቻም ጊታር ሠሪ ፍለጋ አትድከሙ። ሶልደር በደንብ የሚይዝ ሬዲዮ ሠሪ ይበቃችኋል።

ወደ ሦስቱ መንገድ ልመለስ። የጊታሩን ሆድ ከውስጥ በመዳብ ቴፕ መሸፈን ጥዝዝታውን ይመታል፣ ማለትም ከአምፖልና ከቻርጀር በአየር የሚመጣውን። እምምታውን ግን እምብዛም አይነካም። የማግኔት መስክ ቀጭን መዳብ አያስቆመውም። በጣም ብዙ ሰው ጊታሩን ሸፍኖ "አልሠራም" የሚለው እምምታ ይዞ ጥዝዝታ ስላከመ ነው። ሲዞሩ የሚቀያየር ከሆነ ቴፕ አይረዳችሁም። ወጪው ትንሽ ነው፣ ልፋቱ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ቴፖቹ እርስ በርስ መነካካት አለባቸው፣ በመጨረሻም አንድ ቦታ ላይ ከግራውንድ ጋር በሶልደር መያያዝ አለባቸው። ካልተያያዙ ጌጥ ናቸው። የጃኩ ጫፍ ቴፑን ከነካ ጊታሩ ድምፅ አይሰጥም፣ እንዳትደነግጡ። የወጥ ቤት ፎይልም ይሞከራል፣ ግን አሉሚኒየም ሶልደር አይቀበልም። እኔ መዳቡን እመርጣለሁ።

ሀምበከር የሚባለው ፒክአፕ እምምታውን ከሥሩ ይነቅለዋል። ሁለት ጥቅል ሽቦ ጎን ለጎን አለው። አንዱ በአንዱ ተቃራኒ ተያይዟል፣ ማግኔታቸውም ተቃራኒ ነው። ከውጭ የሚመጣው እምምታ በሁለቱ ላይ ተቃራኒ ሆኖ ይገባና እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። የጊብሰኑ መሐንዲስ ሴዝ ላቨር በ1955 እ.ኤ.አ. ነው ለዚህ የፈጠራ መብት ያመለከተው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጊታሮች ላይ ወጣ። ችግሩ ድምፁ ወፍራም መሆኑ ነው። የሲንግል ኮይልን ያቺን እንደ ክራር ጥርት የምትል አናት አታገኙትም። አምባሰል ለሚጫወት ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

በመሀል ያለው ኖይዝ አልባ ሲንግል ኮይል ነው። ሁለቱ ጥቅሎች አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረዋል። መጠኑ እንደ ሲንግል ኮይል ስለሆነ ጊታሩን መቅደድ አያስፈልግም። ድምፁ ይቀርባል፣ አንድ አይደለም። ውድ ነው፣ እዚህም አይገኝም፣ የሚመጣው በሰው ነው።

ስትራቶካስተር ዓይነት (ባለ ሦስት ሲንግል ኮይል) ጊታር ካላችሁ ግን አንድ ነፃ ነገር አለ። የፒክአፕ መምረጫውን 2ኛው ወይም 4ኛው ቦታ ላይ አድርጉ። የመሀሉ ፒክአፕ በተቃራኒ የተሠራ ከሆነ ሁለት ፒክአፖች አብረው ሲሠሩ እንደ ሀምበከር እምምታውን ያጠፋሉ። በዛሬዎቹ ጊታሮች ላይ ይሄ የተለመደ ነው። እኔ ልምምዴን ግማሹን እዚያ ቦታ ላይ ነው የማደርገው።

ፔዳልና አዳፕተር

ፔዳል ስትጨምሩ ኖይዙ ከተወለደ ፔዳሉን ሳይሆን አዳፕተሩን ጠርጥሩ። ፔዳሉን ንቀሉና በ9 ቮልት ባትሪ ሞክሩት። ጸጥ ካለ መልሱን አገኛችሁ።

በአንድ አዳፕተር ብዙ ፔዳል ማያያዝ ርካሹ መንገድ ነው። ኦቨርድራይቭ ብቻ ከሆኑ ይሠራል። ዲጂታል ዲሌይ ወይም ሪቨርብ (ድምፅ የሚያስተጋቡ ፔዳሎች) ሲቀላቀል ግን "ፂይይ" የሚል ይመጣል። እያንዳንዱን ቀዳዳ ለየብቻ የሚመግበው አይሶሌትድ ፓወር ሳፕላይ ይሄን ይጨርሳል፣ ዋጋው ግን ከአንድ ፔዳል አያንስም። ሦስት ፔዳል ላለው ሰው የምመክረው ሦስተኛ መንገድ ነው፦ ዲጂታሉን ለብቻው አዳፕተር ስጡት፣ ኦቨርድራይቩን በባትሪ አሠሩት። ኦቨርድራይቭ ትንሽ ነው የሚበላው፣ ባትሪው ወራት ይቆያል። ዲጂታሉን በባትሪ ካላችሁ ግን በአንድ ማታ ያሟጥጣችኋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የራውተርና የሴኩሪቲ ካሜራ አዳፕተር ጫፉ ከፔዳል ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ ይገባል። ግን ካሜራው 12 ቮልት ነው፣ ሁለቱም ብዙ ጊዜ ፖዘቲቩ መሀል ላይ ነው። አብዛኛው ፔዳል ደግሞ 9 ቮልት፣ ኔጌቲቩ መሀል ላይ ነው። በዚህ የተቃጠለ ፔዳል አይቻለሁ፣ የኔ ስለነበረ አልረሳውም።

ገመድ ላይ ብዙ አልልም። ሽፋኑ ውስጥ የተጠለፈ መዳብ ያለው፣ የምትፈልጉትን ያህል ብቻ ርዝመት ያለው ግዙ። ቤት ውስጥ 3 ሜትር በቂ ነው። የስፒከር ገመድ ጃኩ አንድ ስለሆነ ብቻ ለጊታር አይሆንም። በወርቅ የተለበጠ ምናምን የሚለውን እለፉት።

በላፕቶፕ ለምትቀርጹ

ኖይዙ ቻርጀሩ ሲሰካ ብቻ ከመጣ ጊታሩንም ኢንተርፌሱንም (ጊታሩን ከላፕቶፑ የሚያገናኘውን ዕቃ) ተዉት። ባለ ሁለት ጥርስ ቻርጀር ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ላፕቶፑ ብረት ያፈሳል። እጃችሁን ስታሳርፉ ውርር የሚላችሁ እሱ ነው። ሙሉ ባትሪ ላይ ቅረጹ፣ ሲያልቅ ቡና ጠጡ፣ ቻርጅ አድርጉ። ሥራችሁ ረጅም ከሆነ ኧርዝ ያለው ቻርጀር፣ እውነተኛ ኧርዝ ካለው ሶኬት ላይ። ከሁለቱ የመጀመሪያው ነፃ ነው።

መድረክ ላይ፦ ፒንሳው ሲወጣ

ባለፈው ዓመት ከባንድ ጋር ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ አንድ አዳራሽ ውስጥ ልንጫወት ነበር። የጊታሩ አምፕ መድረክ ላይ ካለው ሶኬት፣ ሚክሰሩ አዳራሹ መጨረሻ ላይ ካለው ሌላ ሶኬት። ሁለቱን በገመድ ስናገናኝ አዳራሹ በሙሉ "እምምምም" አለ። ሳውንድ የሚሠራው ልጅ ፒንሳ ይዞ መጣ። "የአምፑን ኧርዝ ልቁረጠውና እንገላገል" አለ። "ኧረ በአላህ!" አልኩት።

እውነቱን ለመናገር፣ ቢቆርጠው እምምታው ይጠፋ ነበር። ችግሩ እዚያ ላይ ነው፣ ስለሚሠራ ነው ሰው የሚያደርገው። ሁለት የኧርዝ መንገድ ሲኖር ቀለበት ይሠራል፣ በቀለበቱ ውስጥ 50 ኸርዝ ይዞራል። አንዱን መንገድ መቁረጥ ቀለበቱን ይሰብራል። ግን መቆረጥ ያለበት የድምፁ ገመድ ላይ ያለው መንገድ እንጂ የመብራቱ ላይ ያለው አይደለም።

እኛ መጀመሪያ ያደረግነው ከሚክሰሩ ሶኬት ረጅም ዲቫይደር ስቦ አምፑንም እዚያው መሰካት ነው። አብዛኛው እምምታ ሄደ። ለቀረችው በአምፑና በሚክሰሩ መሀል ዲአይ ቦክስ (የጊታሩን ድምፅ ለሚክሰሩ የሚያስተላልፍ ትንሽ ሳጥን) አስገባንና ግራውንድ ሊፍት የሚለውን ማብሪያ ጫንን። እሱ የሚያላቅቀው በድምፁ ገመድ ያለውን ግራውንድ ብቻ ነው፣ የአምፑ ኧርዝ ይቆያል። መድረክ ላይ የምትጫወቱ ከሆነ ከጌት በፊት፣ ከአዲስ ፔዳልም በፊት ዲአይ ቦክስ ግዙ። ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ጄኔሬተር ላይ ስትጫወቱ ደግሞ ባለቤቱን "ኧርዝ ተደርጓል?" ብላችሁ ጠይቁ። ዝም ብሎ ካያችሁ መልሱ አልተደረገም ነው። ማይኩ ላይ ስፖንጅ አድርጉበት፣ ከንፈራችሁንም አታስጠጉት። ዘፋኙ ቅር ቢለው ይቅር።

ያገለገለ ጊታር ወይም አምፕ ስትገዙ

የራሳችሁን ገመድ ይዛችሁ ሂዱ። በሱቁ ገመድ ከሞከራችሁት ኖይዙ የጊታሩ ይሁን የገመዱ አታውቁም። አምፑን ባዶውን ክፈቱ፣ አድምጡ። ቮልዩም ዜሮ፣ ከዚያ ሙሉ። በዝግታ ዙሩ። ሻጩ "ምን ሆነህ ነው?" ብሎ ያያችኋል፣ ግድ የለም። ከዚያ የሱቁን ፍሎረሰንት አጥፋልኝ በሉት። ብዙ ጊዜ ጊታሩ የሚጮኸው በእሱ ነው፣ ሻጩ ራሱም አያውቅም። እኔ አሁን የያዝኩትን የገዛሁት እንደዚህ ነው። "ይሄ ይጮሃል፣ እወቅ" ብሎ ዋጋ ቀንሶልኝ ነበር። መብራቱን አጥፍቶ ጸጥ ሲል ዋጋውን መልሶ ሊጨምር ሞከረ። ብሩ ግን እጁ ላይ ነበር።